ከኋላ ወንበር የሚነሣ ጥያቄ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለምንኖርበት አገር አንድ ነገር ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ንግድ ለመናገር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ለቆመ ሰው የሚቀለው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ የስኳሩንና የዱቄቱን ዋጋ ሁላችሁም ከኔ እኩል ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ስለ ኬንያ ምክር ቤት፣ ይልቁንም በዚያ ምክር ቤት ከኋላ ወንበር ስለተቀመጡ ሰዎች እናገራለሁ። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አያልፍምና የቃላት ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በአገራችን የተበደለ ሰው አቤት ይላል። አባቴ በአንድ የመሬት ጉዳይ ተበድሎ ጃንሆይ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ማመልከቻውን ከፍ አድርጎ ይዞ ሦስት ቀን ቆሞ ነበር። ማመልከቻውን የጻፈለት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ አጃቢ ወረቀቱን ተቀበለው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። እንደራሴዎች ያልነበሩ እንዳይመስላችሁ። ከ1957 ጀምሮ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ለማሻሻል የወጣው ረቂቅ ሕግም እዚያው ምክር ቤት ገብቶ ሳይጸድቅ 1974 ደረሰና ምክር ቤቱ ራሱ ተዘጋ። አባቴ ግን እንደራሴው ማን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። የሚያውቀው የጃንሆይን መኪና ነበር።

እኔም ወደ ናይሮቢ ስመጣ ከዚህ የተሻለ እውቀት አልነበረኝም። ያስተማሩኝ ኢስሊ ሱቅ እንደከፈትኩ ጥሬ ቡና ሊገዙ የሚመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የቡቴሬ ሰው ነበሩ፤ እኛ ምዜ እንላቸው ነበር። ግማሽ ኪሎ ቡና ለመግዛት አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ሚስቴ አንዳንዴ «ይህ ሰውዬ ኪራይ ይክፈለን» ትል ነበር። ስለ ምክር ቤት ሲያወሩ ስለ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ።

እንደነገሩኝ፣ በዚያን ዘመን ሚኒስትሮችና ረዳት ሚኒስትሮች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሹመት የሌለው ተመራጭ ከኋላ። የኋላ ወንበር ሰው በጀት የለው፣ ሾፌር የለው፣ የሚያዘው መሥሪያ ቤት የለው። ያለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ጽፎ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል፤ አፈ ጉባኤው ከፈቀደ ቀን ይያዝለታል፤ በቀኑም ሚኒስትሩ ተነሥቶ ሊመልስለት ይገባል። መልሱ ካላጠገበ ተከታይ ጥያቄ ይነሣል፤ የሌላ ወረዳ ተመራጭም ሊጨምርበት ይችላል። የተነገረው ሁሉ ሃንሳርድ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ቃል በቃል ይታተማል። ስለ ተሰበረ ድልድይም ይሁን ስለ ተነጠቀ መሬት፣ ሁሉም እኩል ይጻፋል። እውነቱን ለመናገር ብዙው አሰልቺ ነው። ለወሬ ብቻ የሚነሣም ሞልቷል። ምዜ ግን «ድልድዩን የናቀ ሰው ስለ ፍትሕ ቢናገር አልሰማውም» ይሉ ነበር።

ደጋግመው ያነሡልኝ የነበረው የ1975ን ታሪክ ነው፤ እኔም ቆየት ብዬ ልንገራችሁ። ጄ. ኤም. ካሪዩኪ የኒያንዳሩዋ ሰሜን ተመራጭ ነበሩ። በማው ማው ጊዜ እንግሊዞች ያሰሯቸው፣ በኋላም የኬንያታ የግል ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ረዳት ሚኒስትርም ሆነው ነበር፤ ከ1974 ምርጫ በኋላ ግን ሹመት አልነበራቸውም። ከነጻነት በኋላ መሬቱና ሀብቱ በጥቂት ሰዎች እጅ መግባቱን፣ ድሃው ባዶ እጁን መቅረቱን አደባባይ ይናገሩ ነበር። ራሳቸው ባለጸጋ ስለነበሩ ይህ ንግግራቸው ያስቀየማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 1975 ናይሮቢ ከሚገኘው ሒልተን ሆቴል ሲወጡ ታዩ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አልተገኙም። ዛምቢያ ሄደዋል ተብሎ ለቀናት ተወራ። አስከሬናቸው ግን ንጎንግ ኮረብቶች አጠገብ ተጥሎ ቆይቶ ሬሳ ቤት ተገኘ።

ምክር ቤቱ የራሱን አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ኤላይጃ ምዋንጋሌ ነበሩ። ሪፖርቱ በሰኔ ቀረበ። መንግሥት እንዲሁ ታይቶ እንዲታለፍ ቢፈልግም ምክር ቤቱ 62 ለ59 በሆነ ድምፅ ተቀበለው። ሦስት ድምፅ ማለት ነው! ሚኒስትሩ ማሲንዴ ሙሊሮ እና ረዳት ሚኒስትሮቹ ጆን ኪንና ፒተር ኪቢሱ ከሪፖርቱ ጋር ቆመው ድምፅ በመስጠታቸው ከሹመታቸው ወረዱ። ምዜ ይህን ሲነግሩኝ ሦስት ጣታቸውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለ ካሪዩኪ ግድያ እስከ ዛሬ የተፈረደበት ሰው የለም።

በዚያው ዓመት በጥቅምት የምዜ የራሳቸው ወረዳ ተመራጭ ማርቲን ሺኩኩ ተነሡ። ሺኩኩ የሕዝብ ዘበኛ ይባሉ ነበር። በንግግራቸው መሐል፣ ካኑ የተባለው ገዢ ፓርቲ እንደተገደለ ሁሉ ምክር ቤቱንም ሊገድሉት የሚፈልጉ አሉ አሉ። ከፊት ወንበር ማስረጃ ያቅርቡ የሚል ጥያቄ መጣ። በአፈ ጉባኤው ወንበር ላይ የነበሩት ምክትሉ ዣን ማሪ ሴሮኒ ናቸው፤ የሕግ ሰው፣ የቲንደሬት ተመራጭ። ግልጽ ለሆነ ነገር ማስረጃ አያስፈልግም ብለው ወሰኑ። ሁለቱም በቀናት ውስጥ ከምክር ቤቱ ግቢ ተይዘው ተወሰዱ። አንድ ተመራጭ ምክር ቤት ውስጥ በተናገረው ቃል ፍርድ ቤት ሊከሰስ አይችልም። እነሱም አልተከሰሱም፤ ያለ ፍርድ የሚያስር ሌላ ሕግ ስለነበረ ያለ ክስ እስከ 1978 መጨረሻ ታሰሩ።

ቼላጋት ሙታይ የተባሉትም በ1974 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ ከኤልዶሬት ሰሜን ተመርጠው ገቡ። በአንድ የሲሳል እርሻ መሬት ጉዳይ ሕዝብ አነሣሥተዋል ተብለው በ1976 ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። በ1979 ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው። ሺኩኩንም ቡቴሬ በዚያው ምርጫ መልሶ መርጧቸዋል፤ ምዜ ያን ቀን ሲያስታውሱ ቡናቸውን ይረሱ ነበር።

ወደ ሰሜን ወደ ዋጂር ልለፍ፤ ከመካከላችን በሞያሌ በኩል የመጣችሁ አገሩን ታውቁታላችሁ። በየካቲት 1984 የደጎድያ ወንዶች ተሰብስበው ዋጋላ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ለቀናት ያለ ውኃ ተያዙ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። የዋጂር ምዕራብ ተመራጭ አህመድ ኻሊፍ ነገሩን ምክር ቤት አነሡት። መንግሥት የሞቱት 57 ናቸው አለ። ያ ቁጥር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የኻሊፍ ቃልም አብሮ ገባ። የእውነትና የፍትሕ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹ ቁጥር ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ መሆኑን ገለጸ። ኻሊፍ ይህን አላዩም፤ በ2003 ሚኒስትር በሆኑ በሳምንታት ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ አርፈዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የእነሱ ታሪክ ነው፣ እኛን ምን አገባን የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ይባስ ብዬም ይህንኑ ኮሚቴ ውስጥ ተናግሬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ማኅበራችን መጡ። ልጅቷ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ አድጋለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷንም ጨርሳለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት የውጭ አገር ሰው መታወቂያ ለማውጣት አንድ መሥሪያ ቤት ትመላለሳለች፤ መልሱ ሁልጊዜ ነገ ተመለሺ ነው። መታወቂያ ከሌለ በስሟ የስልክ መሥመር የለም፣ የባንክ ሒሳብ የለም። እናቲቱ ማኅበሩ በስሙ ደብዳቤ ይጻፍልን አሉ። ያኔ የኮሚቴ አባል ነበርኩ። «እኛ እንግዶች ነን፤ እንግዳ በሰው ቤት ድምፁን ከፍ አያደርግም» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹም ተስማሙ፤ ደብዳቤው ቀረ። ልጅቷ መታወቂያዋን ያገኘችው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሱቄ መጥታ የ2010ን ሕገ መንግሥት ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና «ጋሼ፣ እስቲ አንቀጽ 119ን ያንብቡት» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ማንኛውም ሰው ለምክር ቤቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። «ማንኛውም ሰው የሚለውን አዩት? ማንኛውም ዜጋ አይልም» አለች። ልብ ብዬ አየሁ፤ የመምረጥን መብት የሚናገረው አንቀጽ 38 ዜጋ ይላል፤ 119 ግን ሰው ይላል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ልዩነቱን አያውቁትም ማለት አይቻልም።

አቀራረቡን የሚወስን የ2012 ሕግም አለ። አቤቱታው በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ይጻፋል፤ ስርዝ ድልዝ አይኖረውም። ጉዳዩ አስቀድሞ ለሚመለከተው ክፍል ቀርቦ አጥጋቢ መልስ እንዳልተገኘ ይገልጻል፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። መጨረሻ ላይ ምን እንዲደረግ እንደምንጠይቅ ይጻፋል፤ ይህን ክፍል እነሱ «ጸሎት» ይሉታል፤ እኛ አገር ራፖር ጸሐፊው «ዳኝነት» የሚለው ነው። አቤቱታው በራሳችን እጅ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ወይም በአንድ ተመራጭ በኩል ሊገባ ይችላል። ከገባ በኋላ እንደ አባቴ ወረቀት አጃቢ ኪስ ውስጥ አይቀርም፤ ለጉባኤው ተነግሮ ለኮሚቴ ይመራል፤ መዝገብም ይገባል።

ዛሬ በማኅበራችን ውስጥ መታወቂያቸውን የሚጠብቁ ዘጠኝ ወጣቶች አሉ። ያቺ ልጅ ስለ እነሱ አቤቱታ አርቅቃለች። ሁለት ገጽ ነው።

አሁን ስለ ፊርማው እውነቱን ልናገር። ብዙዎቻችን በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ይዘን ነው የምንኖረው፤ የሚያድሰው ክፍልና የምናማርርበት ክፍል ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ታውቃላችሁ። ማንም እንደ ሺኩኩ ይታሰራል አልልም፤ ዘመኑ ሌላ ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። ነገር ግን ፋይል ከሥር ሊገባ ይችላል፤ ነገ ተመለስ ሊበዛ ይችላል። ልጆች ያላችሁ ይህን ብታስቡ አልፈርድባችሁም። የኔ ፈቃድ የሚታደሰው በሚመጣው ዓመት ነው። ባለቤቴ ከታደሰልህ በኋላ ፈርም ብላኝ ነበር፤ ሁለት ቀን አሰብኩበትና ባለፈው ማክሰኞ ፈረምኩ። እስከ ዛሬ ጠዋት የፈረሙት አሥራ አንድ ናቸው።

ወረቀቱ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የአማርኛ ትርጉሙን ከጎኑ አስቀምጠናል፤ ሳታነቡ አትፈርሙ። ፊርማ የማይችል የጣት አሻራ ያደርጋል። ዛሬ ያልተመቸው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቄ ያገኘዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ አለሁ። ሰኞ ጠዋት ልጅቷና እኔ ፓርላማ መንገድ ይዘነው እንሄዳለን።