ሞተሩ ራሱ ሲዞር

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለበረሩት አውሮፕላኖች ባለፈው ካወራን ወዲህ ስልካችን ፋታ አላገኘም። ዛሬ ለየት ያሉ ሦስት የፒስተን ሞተሮችን አስረዳለሁ ብያለሁ፤ ሰዓቱ ከበቃን።

የመጀመሪያው ኖም ነው። የሴጋን ወንድማማቾች ፈረንሳይ ውስጥ የሠሩት ሲሆን፣ ኦሜጋ የተባለው ባለ 7 ሲሊንደርና 50 የፈረስ ጉልበት ነበር። ክራንክ ሻፍቱ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ይታሰራል፤ በክብ የተደረደሩት ሲሊንደሮቹ ከነፕሮፔለሩ ይሽከረከራሉ። ለምን? እየዞሩ ነፋስ እንዲያገኙ። ውሃና ራዲያተር ቀረ፣ ክብደትም ቀነሰ።

እዚህ ላይ ነው የምትሳሳቱት። ክብ ሞተር ሁሉ አይዞርም! የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ሲሊንደሮቻቸው በክብ የተደረደሩ ናቸው፤ ግን ንቅንቅ አይሉም። የሚዞረው ውስጣቸው ያለው ክራንክ ሻፍት ነው።

አንድ አድማጭ «ዘይቱስ?» ብለው ጠየቁ። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው። የኖም ዘይት ጉሎ ነበር፤ አዎ፣ በየጓሮው የምታውቁት ጉሎ። ቤንዚኑና አየሩ የሚገቡት ክፍት በሆነው ክራንክ ሻፍት በኩል ስለሆነ፣ ተራውን ዘይት ቤንዚን ያጥበዋል። የጉሎ ዘይት ግን በቤንዚን በቀላሉ አይሟሟም። ተመልሶም አይሰበሰብም፤ ከጭሱ ጋር ወጥቶ አብራሪው ላይ ይረጫል። ጉሎ ደግሞ ሆድ እንደሚያስቀምጥ ለእናንተ አልነግርም።

ታዲያ «መኪናዬ ውስጥ ልጨምር?» የምትሉ፣ አደራ! አንድ ተማሪዬ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ሞክሮት ነበር። ሲፈታው የፒስተኑ ቀለበቶች በማር የተለሰኑ ይመስሉ ነበር። ኖም ዘይቱን ተጠቅሞ ይጥላል፤ የእናንተ ሞተር ያንኑ ዘይት እያዞረ ይጠቀማል።

የሚሽከረከረው ክብደት መዘዝም ነበረው። እንዲህ ባለ ሞተር የሚበረው የእንግሊዞቹ ተዋጊ አውሮፕላን ሶፕዊዝ ካሜል ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አፍንጫው ወደ ታች፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ላይ ይሄድ ነበር።

ሰዓቱ አለቀ ተባልኩ። ሁለተኛውን ሞተር፣ የጀርመኖቹን ዩንከርስ ዩሞ 205፣ በአጭሩ፦ በናፍታ የሚሠራ፣ 6 ሲሊንደርና 12 ፒስተን። በአንድ ሲሊንደር ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ቴስታታ የለውም፣ ቫልቭም የለውም። ሦስተኛው ለሳምንት ይቆየን።

እስከዚያው የማታውቁት ሞተር ሲገጥማችሁ መልኩን ተዉትና «የቱ ይዞራል፣ የቱ ይቆማል?» በሉ። ከዚያ ደውሉ።