ልጅ ማንበቧ በምን ይታወቃል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕፃናት ንባብ እንድናገር ስታዘዝ በደስታ ብቀበልም፥ ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ታናሽ እኅቴ ሁለተኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ ለፈተና ሳጠና እንዳትረብሸኝ ስልኬን እሰጣት ነበር፤ ዝም ስለምትልልኝም ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የአማርኛ መጽሐፏን ይዛ መጣችና «ላንብብልህ» አለችኝ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሰናከል ወረደችው። ጣቷን ስመለከት ግን ያለው ሌላ መስመር ላይ ነው። ከመካከል አንድ ቃል አመልክቼ ብጠይቃት ዝም አለች። ለካ ሁሉንም በቃሏ ይዛው ኖሯል!

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ሀሁን ካስቆጠሩ በኋላ ያንኑ ፊደል ቅደም ተከተሉን ለውጠው በአቡጊዳ ደግመው የሚያስቆጥሩት፥ ልጁ በዜማ ብቻ እንዳይወርደው ይመስለኛል። እኅቴም ብቻዋን አይደለችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምርመራ፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው።

«ታዲያ መሣሪያው ያስተምራቸው» የሚሉ አሉ። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀምጦላቸው ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ ልጆቹ ያለ አስተማሪ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተው አበሩት፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የልጆቹን ብልኅነት አደንቃለሁ። ነገር ግን መዝሙር መዘመርና ማንበብ አንድ አይደሉም፤ እኅቴም ዘምራልኛለች። ደግሞስ የመጀመሪያው ፊደል ለምን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አልሆነም? በዚህ በኩል «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የቀጭኔዋ አሻንጉሊት የቴሌቪዥን ዝግጅት፥ በአማርኛ ተሠርቶ በ2008 የጃፓንን ሽልማት ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው።

መጻሕፍትስ? አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆች ወዳሉበት ይልኩ ነበር። እኔ በልጅነቴ በተማርኩበት ቦታ ግን መጻሕፍቱ እንዳይቀደዱ ተብሎ ሣጥኑ ይቆለፍ ነበር። በእርግጥም አንዱም አልተቀደደም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ስልኩን ከእኅቴ አልቀማኋትም፤ ሥራውን ለወጥኩት እንጂ። አያታችን ፊደል አልቆጠሩም፤ ተረት ግን ያውቃሉ። አንድ ማታ ስለ ጅብና ስለ አህያ ሲያወሩ ድምፃቸውን በስልክ ቀዳሁ። በማግሥቱ እየሰማሁ በደብተር ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩትና ለእኅቴ ሰጠኋት። ድምፁን ስትከፍት የአያቷ ቃል በጆሮዋ ይገባል፤ ጣቷም በጽሑፉ ላይ ይሄዳል። ሲያመልጣት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፤ ስልክ አስተማሪ ባይሆንም ሲደጋግም አይሰለቸውም። ከሳምንት በኋላ ድምፁን ዘጋሁባት። ከዚያም አረፍተ ነገሮቹን በመቀስ ቆራርጬ ቀላቀልኳቸው፤ ይህ የእኔ አቡጊዳ መሆኑ ነው። መጀመሪያ አለቀሰች፤ እናቴም ተቆጣችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ በአንድ እያነበበች መልሳ ደረደረቻቸው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ «እኛ አልተማርንም» ብላችሁ አትራቁ፤ ተረታችሁን ስጡን። መምህሮቻችንንም የምለምነው፥ የታችኛው ክፍል ልጆች ዓርብ ዓርብ አንዳንድ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ ነው። የሚቀደደውን እኛ ተመራቂዎች ከመሰናበታችን በፊት ቅዳሜ እየመጣን ልንጠግን ቃል እንገባለን።

ባለፈው እሑድ እኅቴ ያንን ተረት ለአያታችን አነበበችላቸው። አያታችን በመካከል አቋርጠው «እንዲህ አላልኩም፤ አህያይቱ ቀድማ ነው የሸሸችው» አሉ። እኅቴ ጣቷን ከቃሉ ላይ ሳታነሣ፥ «ብለዋል እማማ፤ ይኸው እዚህ ተጽፏል!» አለቻቸው።