የፍርሃት እናት አለማወቅ ናት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



መንግሥታት የሚጣሉት ስለ ምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ስለ ጥቅም፥ ሌላው ስለ ክብር ነው ይላል። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ግን ከነዚህ ጋር ሦስተኛ ምክንያት ጽፏል፤ ይኸውም ፍርሃት ነው። እኔም ዛሬ የምናገረው የፍርሃት እናት ስለ ሆነችው ስለ አለማወቅ ነው። የሌላውን አሳብ ያላወቀ ሰው በ«መሰለኝ» ይፈርዳልና።

በ1955 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። ሶቪየት ኅብረት በኩባ ደሴት ላይ በስውር የአቶሚክ ሚሳይሎች ስታቆም፥ የአሜሪካ አውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥቶ ደረሰበት። ነገሩ ጥቅምት 6 ቀን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተነገረበት ጀምሮ ዓለም 13 ቀን በጭንቀት ቆየች። ከአማካሪዎቻቸው አንዳንዶቹ ደሴቲቱ ወዲያው ትደብደብ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ግን ባሕሩን በመርከብ ማስጠበቅን መረጡ፤ በዚህም የማሰቢያ ጊዜ ተገኘ።

በደሴቲቱ የነበሩት የሶቪየት ወታደሮች ከ40,000 በላይ ሲሆኑ፥ አሜሪካኖች የገመቱት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ለጦር ሜዳ የተዘጋጁ ትናንሽ የአቶሚክ መሣሪያዎች በዚያ መኖራቸውን አላረጋገጡም ነበር፤ ይህ በይፋ የተነገረው በ1984 ዓ.ም. ሃቫና ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ጦር በደሴቲቱ ወርዶ ቢሆን ምን ይከተል እንደ ነበር እናስተውል።

ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ አሜሪካኖች አንድ የሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወደ ላይ እንዲወጣ ፈንጂ ጣሉበት። በውስጡ ከነበሩት አንዱ በኋላ እንደ መሰከረው፥ አዛዡ ጦርነት የተጀመረ መስሎት የአቶሚክ መሣሪያውን ለመተኮስ አስቦ ነበር፤ ቫሲሊ አርኪፖቭ የሚባል መኮንን ግን አልተስማማም።

በማግሥቱ ክሩስቾቭ ሚሳይሎቹን ለማንሣት ፈቀዱ። በዚያው ዓመት ሰኔ 13 ቀን ሁለቱ መንግሥታት ሞስኮና ዋሺንግተን በቀጥታ የሚላላኩበት መስመር እንዲዘረጋ ተፈራረሙ። ያን ያህል መሣሪያ የታጠቁት ኃያላን የጎደላቸው መጠያየቂያ መንገድ ነበር።

ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 22 እንደምናነበው፥ በዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ በተሠራ ጊዜ የቀሩት እስራኤላውያን ወንድሞቻቸው የካዱ መሰላቸውና ለጦርነት ተሰበሰቡ። ነገር ግን አስቀድመው ካህኑን ፊንሐስን ከ10 አለቆች ጋር ልከው አስጠየቁ። መሠዊያው የአንድነታቸው ምስክር መሆኑን በሰሙ ጊዜ ጦርነቱን ተዉት።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ከመካከላችን ዳኛ፥ ወታደር፥ አስተዳዳሪ የሚሆን ይኖራል። መጠየቅ ፈሪነት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እስራኤላውያን ግን የጠየቁት ጦራቸውን ሰብስበው ሳሉ ነው፤ ስለዚህ ፈሪዎች አልነበሩም። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያላወቁትን እንዳወቁ አድርጎ በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። «አላወቅሁም፥ ልጠይቅ» ለማለት እግዚአብሔር ድፍረቱን ይስጠን።