ሲነጋ የማይሄደው ጌታ

(በሬዲዮ ከቀረበ የገና ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 2፥1–20፤ ፊልጵስዩስ 2፥5–8፤ ኤፌሶን 6፥9

ገና ሲደርስ በልጅነታችሁ የሰማችኋት አንዲት ቤት የምትመታ አጭር ቃል ትዝ ትላችኋለች? በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የምትናገረዋን ማለቴ ነው። እኔ እዚህ አልጽፋትም፤ ምክንያቱም መጀመሪያዋን ብነግራችሁ መጨረሻዋን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ስትነገር ኖራለች፤ እስከ ዛሬም አልተረሳችም።

ለምን አልተረሳችም? አንደኛ፣ ግጥም ስለሆነች ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ይህን ታውቃላችሁ። የልደትን ታሪክ በተራ ወሬ ስትነግሩት የሚያዛጋው ልጅ፣ በግጥም ሲሆን ቶሎ ያጠናዋል፤ “ድገሙልኝ” ይላል። ግን ግጥምነቷ ብቻ አይደለም፤ ስንቱ ግጥም ተረስቷል! ይቺ የቀረችው ሰው ሁሉ የሚናፍቀው ነገር በውስጧ ስላለ ነው።

እኛ አንኮበሮች “ጌታ” የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ከተማችን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዙ ተቀምጠውባታል፤ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ተቀምጠውባታል። ግቢው የነበረው ኮረብታው አናት ላይ ነው። በዚያ ዘመን ጌታ ፊት የሚደርስ ሰው ዳገቱን ወጥቶ፣ በር አልፎ፣ ደጅ ጠንቶ ነው። ደርሶም ነጠላውን አደግድጎ ይቆማል እንጂ ቀና ብሎ አያይም።

የገና ዕለት ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል። ጥንጓ የጌታን ልጅ ከአሽከር ልጅ አትለይም። አሽከሩ ጌታውን ገፍቶ ጥንጓን ይወስድበታል። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይወርፈዋል፤ ጌታውም ስቆ ያልፋል። አባቶቻችን ጨዋታው ከቤተ ልሔም እረኞች የመጣ ነው ብለው ይተርካሉ፤ የምሥራቹን ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በያዙት ዱላ ጥንግ መቱ ይላሉ። ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም። ሉቃስ የጻፈው ግን አለ፦ መልአኩ ወደ ሄሮድስ ግቢ አልሄደም፤ ሌሊት መንጋ ለሚጠብቁ እረኞች ነገራቸው። ውርጩን የሚያውቅ የአንኮበር እረኛ ይህ ይገባዋል።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ነገር አለ። በ1823 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ላይ አንድ የገና ግጥም ወጣ። ግጥሙ በክሌመንት ክላርክ ሙር ስም ይታወቃል፤ ሰውየው በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ የዕብራይስጥ ሊቅ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በገና ዋዜማ ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሳቂታ ሽማግሌ ስምንት አጋዘኖች እየጎተቱት ይመጣል። በጭስ መውጫው ይገባል፣ የልጆቹን ካልሲ በስጦታ ይሞላል፣ ከዚያ መልካም ገና ብሎ ይሄዳል። ግጥሙ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ወላጆች ለልጆቻቸው ያነቡታል። ሕፃኑ ኢየሱስ ግን በውስጡ የለም።

ልጆች ይህን ለምን ወደዱት? ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳያስከፍል የሚሰጥ እንግዳ ስላለበት ነው። የእኛዋንስ ለምን ወደድናት? የማይቆጣ ጌታ ስላለባት ነው። አያችሁ ወገኖቼ፣ ሰው የሚናፍቀው ጸጋን ነው። ስሙን ባያውቀውም ጸጋን ነው። ይህ ናፍቆት ሞኝነት አይደለም።

ግን ሁለቱም ሲነጋ ያልቃሉ። የአሜሪካው እንግዳ በሌሊት መጥቶ በሌሊት ሄደ። የእኛውም ጌታ በማግስቱ ወደ ቁጣው ተመለሰ፤ አሽከሩም ነጠላውን መልሶ አደገደገ።

በቤተ ልሔም የተወለደው ጌታ ግን ለአንድ ቀን ጨዋታ አልወረደም። ፊልጵስዩስ 2ን አንብቡ፦ የባሪያን መልክ ያዘ፣ እስከ መስቀል ሞት ድረስ ታዘዘ። የኃጢአታችንን ፍርድ ለበዓሉ ሲል ለነገ አላቆየውም፤ ራሱ ተሸከመው እንጂ። ስለዚህ “ጌታ አይቆጣም” ብለን በኃጢአት አንጫወትም፤ ዋጋው ደም ነው። ግን ይቅርታው በማግስቱ አይሻርም። ስሙ አማኑኤል ነው (ማቴዎስ 1፥23)፤ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፣ አብሮን የሚኖር ነው።

እንግዲህ ወደየቤታችን እንግባ። እህቴ ሆይ፣ ቤትሽ የምትሠራዋን ልጅ አስቢ። የገና ዕለት ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፣ ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ዶሮውን ትሠራለች፤ የምትበላው ግን ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ፣ ያውም ማድ ቤት ነው። አንቺ “ጌታ ተወለደ” ብለሽ ስትዘምሪ ቆይተሽ ትመጪና፣ ብርጭቆ ሰበረች ብለሽ እናቷን ትሰድቢባታለሽ። ወንድሜ ሆይ፣ በጎችህን የሚጠብቀው ልጅ የሰው ልጅ ነው። ለገና ሸሚዝ ገዛህለት፤ ተባረክ። በማግስቱስ? ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄደው መቼ ነው?

ኤፌሶን 6፥9 ጌቶችን ማስፈራራትን ተዉ ይላቸዋል፤ የእነርሱም የአሽከሮቻቸውም ጌታ በሰማይ አለና፣ እርሱም ለሰው ፊት አያደላም። ሐዋርያው “በበዓል ቀን” ብሎ አልወሰነም።

ስለዚህ በዚህ ገና የምታገለግላችሁን ልጅ ከማዕዱ አስቀምጧት፤ በማግስቱም አስቀምጧት። ደመወዟን አታቆዩ። የሰደባችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁ፤ ጌታ ነኝ የሚል ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ልጆቻችሁ ይዩ። ግጥሙን አስጠኗቸው፤ ጥሩ ነው። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ታሪኩን እስከ መስቀሉና እስከ ባዶው መቃብር ድረስ ንገሯቸው። ትርጉሙን የሚያጠኑት ግን ቤታችሁ ከሚያዩት ነው።

ምናልባት አንተ ራስህ ቁጣ የሰለቸህ፣ ሰው ፊት መቆም የደከመህ ትሆናለህ። አንቺም እንዲሁ። ይህ ጌታ ደጅ አያስጠናም፤ ራሱ ደጃችሁ መጥቷል። አሁን ባላችሁበት እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ፦

“ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ስለ እኔ ሰው ሆነህ ተወልደሃል፤ ስለ ኃጢአቴም ሞተህ ተነሥተሃል። ንስሐ እገባለሁ፣ ይቅር በለኝ። ዛሬ ጌታዬና አዳኜ አድርጌ እቀበልሃለሁ። በቤቴም በልቤም ኑር። ከእኔ በታች ያሉትን አንተ እኔን እንዳየኸኝ እንዳይ እርዳኝ። አሜን።”

ይህን የጸለያችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለች ወንጌል የሚሰበክባት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ቃሉን ተማሩ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ትራክቷን ለሌላ ሰው ስጡ። መልካም የልደት በዓል፤ ጌታ ይባርካችሁ።