ትንሿ ቅርጽና የአገራችን አራዊት



በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ቅርጽ ከታላቅ ሐውልት ያነሰ ጥበብ ትጠይቃለች ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ሐውልት በግዝፈቱ ያስደንቃል፤ ትንሿ ቅርጽ ግን ኃይሏ ሁሉ የሠሪዋ አስተውሎት ነው። ይህንንም በቀንድ ሥራችን ላስረዳ።

የከብት ቀንድ ለቀራጭ እጅግ የተመቸ ነው። ውስጡ ያለው አጥንት ከወጣለት በኋላ በሙቀት ይለዝባል፤ በመጋዝ ይቈረጣል፤ በሞረድ ይስተካከላል፤ በመጨረሻም ተወልውሎ ያበራል። አባቶቻችን ዋንጫ ሠርተውበታል። ዛሬ በስጦታ ዕቃ መደብሮች ዘወትር የምናየው ግን አንገቱ የረዘመ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ የማይለይ ወፍ ነው። ተማሪው ከወፉ ሳይሆን ከመምህሩ ሥራ ስለሚገለብጥ፣ ቅጂ ቅጂን ይወልዳል።

እስቲ የደጋውን ቁራ እንመልከት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ይህ ወፍ ምንቃሩ ወፍራምና ቆልማማ፣ ላባው ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ግን ነጭ ምልክት ያለበት ነው። ጥቁር ቀንድ ነጭ ጣል ያለበት እንደሆነ ለቸኮለ ሰው እንከን ይመስለዋል፤ ቁራውን አስተውሎ ላየ ቀራጭ ግን ማጅራቱ ተሥሎ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የጥሬ ዕቃው ምርጫ ነው። የጉሬዛ ቆዳ ተሰፍቶ ምንጣፍ፣ የዋልያ ቀንድ ተፍቆ ዋንጫ የሆነበት ዘመን ነበር። ዋልያ ግን በዱር የሚገኘው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሟል፤ አገራችንም ለመጥፋት የተቃረቡ አራዊትና ዕፀዋት ንግድን በሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ገብታለች። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ እንስሳውን ለማስታወስ ብሎ እንስሳውን መግደል ከጥበብ አይቈጠርም። ለሥጋው የታረደ በሬ ቀንድ፣ በተፈጥሮ ጕብጠቱ ወደ ኋላ የተቀለበሰውን የዋልያ ቀንድ አሳምሮ ሊያሳይ ይችላል።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ሞረድ ከማስጨበጣችን በፊት ወረቀትና እርሳስ አስይዘን ወደ ዱሩና ወደ ወንዙ ዳር እናውጣቸው። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ገዢውም ለድካማችን ወዲያው ላይከፍለን ይችላል። ነገር ግን አራዊቱን በስማቸውና በመልካቸው የሚያውቅ እጅ ካልተተካ፣ ከዱሩ ሳይጠፉ አስቀድመው ከዓይናችን ይጠፋሉ።