ለይፋግ የኤሌክትሪክ ሙያ ምሩቃን የተነገረ



በወጣትነቴ በማውቃት አንዲት አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ውስጥ፣ ጄነሬተሩ ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር በሚገናኝበት ሰዓት የመቆጣጠሪያው ክፍል እንደ ቅዳሴ ጊዜ ጸጥ ይል ነበር። የሁለቱ ወገን ቮልቴጅ እኩል፣ ድግግሞሹም በ50 ሄርዝ የተስማማ፣ የፌዞቹም ቅደም ተከተል አንድ መሆኑን ኦፕሬተሩ ካረጋገጠ በኋላ፣ በማመሳሰያው መለኪያ ሰሌዳ ላይ ቀስ እያለ የሚዞረው ቀስት ወደ ላይ ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው ብሬከሩን ያስገባል። አንድ ሌሊት ግን አንድ ችኩል ባልደረባችን ቀስቱ ገና በታች ሳለ ቢያስገባው፣ ወለሉ ከእግራችን ሥር ተናወጠ፣ መብራቱም ድርግም አለ፤ መከላከያው ፈጥኖ ባይቆርጠው ኖሮ የማሽኑ ዘንግ ተጠማዝዞ፣ ጥቅልሉም ተቃጥሎ በቀረ ነበር። ስለዚህ ልጆቼ፣ አለቃ ቢያጣድፋችሁ፣ በጨለማ የተቀመጠው ሕዝብ ቢጮህባችሁ እንኳ፣ መለኪያው ሳይመሰክር እጃችሁን አትዘርጉ።

ከማሽኑ ይልቅ ግን ልቤን የሚያስጨንቀው ውኃው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ሥራ የጀመረው፣ ከ11 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጠው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ በ2001 የተጨመረው ባለ 73 ሜጋ ዋቱ ሁለተኛው፣ በ2010 የተመረቀው ባለ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም፣ የሦስቱም ስንቅ አንዱ የጣና ሐይቅ ነው፤ ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ርብና ጉማራ ደግሞ ከጉና ተራራ ይወርዳሉ፤ ርብም በሩዝ ማሳችሁ አጠገብ ያልፋል። በክረምት የርብን ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ከሥሩ የሚረጋው ደለል የጉና ገበሬ እርሻ ነው። ሐይቅ ከፊቱ የሌለው ትንሽ ማመንጫ ሲሆንማ፣ አሸዋው የተርባይኑን ምላጭ ሸርሽሮ እንደሚበላው በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን አፈር በተራራው ላይ የሚያስቀረው እርከን ነው፤ እናንተ ግን «እርከን የግብርና ሰዎች ሥራ ነው» ስትሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። ያለ አፈሩ የምን ውኃ፣ ያለ ውኃውስ የምን መብራት ልትጠግኑ ነው? በመጪው ጥር ወላጆቻችሁ ዶማ ይዘው ለተፋሰስ ሥራ ወደ ተራራው ሲወጡ፣ ከመካከላችሁ ማን እንደተከተላቸው ጎረቤቶቻችሁን እጠይቃለሁ፤ ለተከተለውም መልቲሜትር እኔ ራሴ እገዛለታለሁ።