የከፋ እናቶች ጓዳ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከፋ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ቡና ነው። እኛም በዚህ አንከፋም። ቡናው ዛሬም በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል፤ አገሩም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዳሩ ግን ቡና የከፋን ስም ለዓለም አደረሰ እንጂ የከፋን ልጅ አላጠገበም። ያጠገበው እንሰት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ ጀበናው ሳይሆን ስለ ቆጮው ነው።

ከፋ እስከ 1890 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲማረክ መንግሥቱ አለፈ፤ አገሩም በጦርነቱ እጅግ ተጎዳ። ዘውዱ ሲያልፍ ያላለፈው የእናቶች ጓዳ ነው።

የዚህን ጓዳ ሥራ እንመልከት። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ሴቶች ተሰባስበው ግንዱን ይፍቃሉ፤ ሥሩንም ይወቅጣሉ። ተጨምቆ የወጣው ውሃ ሲጠል ከታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው፤ ከተፋቀው የሚለየው ጭረት ደግሞ ቃጫ ነው። የቀረው በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ይብላላል። መቼ እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚታሽ የሚፈርዱት የእናት እጅና አፍንጫ ናቸው። ከዚያ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ በጎመንና በአይብ፥ ኮረሪማ በገባበት ቅቤ ይበላል። ኮረሪማውና ጥምዙም ከደኑ የሚለቀሙ ናቸው። የቡናው ቅጠል እንኳ ሳይቀር ተቆልቶና ተወቅጦ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ይፈላና ይጠጣል።

ይህ ሁሉ እያለ በአንዳንድ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቆጮው ይሸሸግና ከገበያ የተገዛ ዳቦ ይቀርባል። በሰሜን ጫፍ ያሉት የአይስላንድ ሰዎች ሻርክ የተባለውን ትልቅ ዓሣ ጠጠር ውስጥ ቀብረው፥ አብላልተው ይበሉ ነበር፤ ዛሬም ለእንግዳ የአባቶቻችን ምግብ ነው ብለው ያቀርቡታል። ቀብሮ ማብላላት ለእነርሱ ኩራት ከሆነ ለእኛ ስለምን ኀፍረት ይሆናል?

ነገሩ የኩራት ብቻ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታ፥ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ታትሞ ከታወቀ ወዲህ እንኳ ፍቱን መድኃኒት አልተገኘለትም። በተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። ከእንሰት ዓይነቶች መካከል ግን አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይልቅ በሽታውን ይቋቋማሉ። እያንዳንዱን ዓይነት በካፊኖኖ ስሙ ለይተው የሚጠሩት፥ የትኛው ለቡላ፥ የትኛው ለቅቅል እንደሚሆን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው። አንዲት አሮጊት ሳትጠየቅ ስታልፍ ተመራማሪው የሚፈልገው እውቀት አብሯት ይቀበራል፤ ይህ ደግሞ እንደ ቆጮው ተመልሶ አይወጣም።

ፍሪድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ ከሩቅ መጥቶ ስለ ከፋ ሕዝብ ኑሮ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ጓዳ ያደግን እኛ ምን ያህል ልንጽፍ ይገባን ይሆን?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በመጪው ክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን ወደየቤታችን እንግባ፤ የእንሰቱን ስሞችና የአሠራሩን ሥርዓት ከእናቶቻችን አፍ እንጻፍ። መምህራኖቻችንም እንዴት እንደሚጠየቅና እንደሚመዘገብ ይምሩን። ደብተሮቹ በመስከረም ተሰብስበው በማኅበሩ ይቀመጡ።